ከወንበር ሥር ያለው ድንጋይ

አንድ ሾፌር ነበር፤ ስሙ ባይለየኝ ይባላል። ከገበያው ተነሥቶ ዳገቱ ላይ እስካለው መንደር ድረስ በአሮጌ ሚኒባስ ሰው ያመላልሳል። የመኪናው የእጅ ፍሬን ከተበላሸ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ አላሠራውም። ከወንበር ሥር አንድ ጥቁር ድንጋይ ያስቀምጣል። ዳገት ላይ ሲቆም በእግሩ ፍሬኑን እንደረገጠ «ድንጋዩን» ይላል፤ በር አጠገብ የተቀመጠ ተሳፋሪ ይወርድና ጎማው ሥር ይወትፍለታል። ሰዉም ለምዶታል። በሩ ሲላላ በገመድ አሰረው፤ ራዲያተሩ ሲያፈስ አንድ ጀሪካን ውኃ ጨመረ። ጠዋት ጠዋት ግን ሳያማትብ መሪ አይጨብጥም።

አንድ ቀን ድንጋዩ ተንሸራተተ። መኪናው ሰው እንደያዘ ወደኋላ ሄዶ አጥር ላይ ቆመ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተጎዳ የለም።

ባይለየኝ ደነገጠ። «ይሄ መኪና አርጅቷል፣ መቀየር አለበት» አለ። ለመቀየር ደግሞ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቱ የሚኖሩበት ቤት።

እናቱም «ሽጠው ልጄ፣ እኔ እህትህ ዘንድ እሄዳለሁ» አሉት። ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር።

እሱም ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄደ። «ጋሽ አምሳሉ፣ ላሠራው ወይስ ልቀይረው?»

ሽማግሌው መኪናው ሥር ገብተው ብዙ ቆዩና ወጡ።

«ሞተሩ ደህና ነው። አዲሱን ስትገዛ ይሄን ድንጋይ የት ታደርገዋለህ?»

«አዲሱ ላይ ነዋ። ምን ይታወቃል፣ መያዙ አይከፋም።»

ጋሽ አምሳሉ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሳቁ። «እንግዲያው አዲሱም ብዙ ሳይቆይ እዚሁ ይመጣል።»

«እኔኮ ጠብቀኝ ብዬ ሳልጸልይ ወጥቼ አላውቅም።»

«ጠብቆሃል እንጂ። እሱ ዘጠኝ ዓመት ሲጠብቅህ፣ አንተ መኪናውን አንድ ቀን አልጠበቅከውም።»

ባይለየኝ ቁልፉን አስረክቧቸው በእግሩ ወደ ቤት ሄደ።

በሁለተኛው ሳምንት መኪናው ተሠርቶ ወጣ። ዳገቱ ላይ ሲደርስ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ። በር አጠገብ የነበረው ሰውዬ ከልማዱ ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር ዳበሰ።

«ድንጋዩን ሸጥከው እንዴ?»

«እናቴ ዘንድ ነው» አለ ባይለየኝ። «ነፋስ ሲመጣ የቤቷን በር ታስደግፍበታለች።»

ወገኖቼ፣ ያረጀ ሁሉ ይጠገናል አልልም፤ መጣል ያለበትም አለ። ግን ከመጣላችን በፊት፣ ያረጀው ዕቃው ነው ወይስ የእኛ አያያዝ ብለን እንጠይቅ። አያያዛችንን ይዘን ከሄድን አዲሱንም እናስረጀዋለን። መኪና ብቻ አይምሰላችሁ፤ ትዳርም፣ ወዳጅነትም እንዲሁ ነው። መጸለይ መልካም ነው፤ ግን የተሰጠንን መጠበቅም የእኛ ድርሻ ነው።

እርስዎስ፣ ዛሬ ነገ እያሉ ማሠራቱን ትተው ድንጋይ የወተፉበት ነገር የቱ ነው?