ጉድጓድ ውስጥ የቀረ ዘር

አንድ ሀብታም ገበሬ ነበረ። ልዑልሰገድ፣ ጥያቄህን ዘንግቼው አይደለም። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ አልጋነሽ የድሮ የሕሙማን ማኅደሮችን ለየብቻ ገልብጠህ እንድትሰጣቸው ጠይቀውህ፣ «የሆስፒታሉን ኮምፒውተር ሁሉ መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዝ የባካፕ ሶፍትዌር እያለን ሌላ ማከማቻ ምን ያደርጋል?» ነው ያልከኝ። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ሰውዬውን ስማኝ።

ይህ ገበሬ ከአባቱ የወረሰው ነጭ ማሽላ ነበረው። ዝናብ ቢያጥርም የሚያፈራ፣ በአገሩ ከእሱ በቀር ማንም ዘንድ የሌለ ዘር ነው። ጓሮው ውስጥ ደግሞ ጥልቅ የእህል ጉድጓድ ነበረው። በየዓመቱ አሮጌውን እህል አውጥቶ ይበላል፣ አዲሱን ይከታል፣ አፉን በጭቃ ይደፍናል። አንድ ዓመት ቤቱና ጎተራው ሲቃጠሉ ቤተሰቡን ከረሃብ ያተረፈው ይኸው ጉድጓድ ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ጉድጓዱ ያላወራበት ለቅሶ ቤት የለም።

ጎረቤቱ አንዲት ድሃ ሴት ነበረች። በየመኸሩ ምርጥ ምርጡን የማሽላ ዛላ ለቅማ ከምድጃዋ በላይ ታንጠለጥላለች። ጢሱ ነቀዝ ያባርርላታል። በየዓመቱም ከያንዳንዱ ጥቂት ትዘራና አዲሱን በአሮጌው ቦታ ትሰቅላለች። ዘር የጠፋበት ሁሉ የእሷን ደጅ ያንኳኳል። ይህ ነገር ሀብታሙን ያንገበግበው ነበር። ሰው የእሱን ደጅ አልፎ ወደ እሷ ጎጆ ሲሄድ ባየ ቁጥር በሩን በኃይል ይዘጋል።

አንድ ቀን ሴትየዋ መጥታ፣ «ጌታዬ፣ ከአባትዎ ማሽላ አንድ ዛላ ቢሰጡኝ ከሌሎቹ ጋር እሰቅለው ነበር» አለችው።

«የአባቴንም ዘር ካንቺ ቤት ሊለምኑ? የእኔ ጉድጓድ ከእሳት ያተረፈ ነው። ለዘርም አያንስም» አላት።

ያንኑ ዕለት ማሽላውን ሁሉ ጉድጓዱ ውስጥ ከቶ ደፈነው። ማሳውን ሰሊጥ ዘራበት። ድርቅ ሲመጣ አገሩ ሁሉ እኔ ደጅ ይሰለፋል ብሎ፣ ያን ቀን እያሰበ ቅናቱን ሲያስታምም ዓመታት አለፉ።

ድርቁ መጣ። ሰዎቹም እውነትም ደጁ ላይ ተሰለፉ። ጉድጓዱን ሲከፍት ማሽላው አለ፤ አልተሰረቀም፣ አልነደደም። በኩራት አከፋፈለ። ሁሉም ዘራ። ዝናብ ጠብ ሲል ግን አንዲት ቡቃያ ብቅ አላለችም። ታፍኖ ዓመታት የከረመ እህል ቢበላ እንጂ አይበቅልም።

ሰውዬው የተገኘውን ዘር ሊለምን ወደ ሴትየዋ ቤት ገባ። ቀና ሲል ከተንጠለጠሉት ዛላዎች መሐል አንድ ባዶ ገመድ አየ።

«ይህስ?»

«ያኔ ለአባትዎ ማሽላ ብዬ ያሰርኩት ነው» አለችው። ያን ነጭ ማሽላ ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም።

እንግዲህ ልዑልሰገድ፣ ባካፑ ጉድጓዱ ነው። ሰርቨሩ ዛሬ ቢቃጠል የትናንቱን ይመልስልናል፣ እሰየው። ነገር ግን የያዘውን በራሱ መንገድ ጠቅልሎ አሽጎ ነው የሚያስቀምጠው፤ ያለ እሱ ማንም አይፈታውም። ከሃያ ዓመት በኋላ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ፣ ሻጩም ሱቁን ዘግቶ፣ አንዲት እናት በሕፃንነቷ የተደረገላትን የልብ ምርመራ ፈልጋ ብትመጣ፣ ማኅደሯ አለ፣ ግን አይነበብም። ወይዘሮ አልጋነሽ የሚሉት እያንዳንዱ ማኅደር ለብቻው ይገኝ፣ በየጊዜው ተከፍቶ ይታይ፣ ዘመኑ በሚያነበው መልክ ይገልበጥ ነው።

ይህን ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ያስጠየቀህ ሶፍትዌሩ አይደለም። ሐኪሞቹ የአንተን ቢሮ አልፈው ወደ እሳቸው ክፍል ሲገቡ ፊትህ ሲጠቁር አይቻለሁ። ሂድና የጠየቁህን ስጣቸው። ገመዱን አስረው እየጠበቁህ ነው።