የማይበርደው አመድና የመጀመሪያው ውሃ

እኔ እንኳን የሰማሁትን ያልሰማሁትንም አልረሳም። ስለዚህ ስልኩን ጆሮህ ላይ ለጥፍና ዝም ብለህ ስማ።

በአንድ ወቅት ብረት እያነደደ ሌሊቱን ቀን የሚያደርግ አገር ነበር። እሳቱ ሲጠፋ አመዱ አልበርድ አለ፤ ለሺህ ዓመት የነካውን ሁሉ የሚገድል። ሽማግሌዎቹ «ተራራ ፈልፍለን እንቅበረው» አሉ። ችግሩ፣ አገሩ ሁሉ የሚጠጣው ምንጭ ከዚያው ተራራ ሥር ነው የሚፈልቀው። ዋሻው ከተናደ አመዱ ውሃው ውስጥ ነው! «ዋሻውን ያጸናልን ሰው፣ የመስኖው የመጀመሪያ ተራ ከነልጅ ልጁ የሱ ይሁን» ተባለ።

አራት ወንድምና እህት መጡ። አይ፣ ሦስት ናቸው፤ አራተኛዋ በቅሏቸው ናት።

ታላቁ አጥናፉ አለቱን በመዶሻ እያንኳኳ ያዳምጣል። እንደ ደወል ከጮኸ ጤነኛ፣ እንደ ከበሮ ካጉረመረመ ባዶ ነው። ሽማግሌዎቹ ባሳዩት ቦታ ሦስት ጊዜ «እዚህ አይሆንም» አለ። ቆፋሪዎቹ «ሰውዬው ተራራ ሊያገባ ነው እንዴ እንዲህ የሚመርጠው?» አሉ። በአራተኛው ደወሉን ሰማና «ቆፍሩ!» አለ።

እህቱ ስንዱ ደግሞ መሀል መሀሉን አላስነካም አለች። ግንድ የሚያህል የአለት ምሰሶ እያስቀረች አስፈለፈለች። አንዱ «ቦታው ጠበበ እኮ!» ቢላት፣ «እናትህ ቤት ምሰሶ የለም? እስቲ ነቅለኸው እደር!» አለችው።

ትንሹ ይርዳው ስንጥቅ ባየ ቁጥር ጭቃ ይለቀልቅበታል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ያየዋል። ተራራው ከተነቃነቀ ጭቃው ይናገራል ባይ ነው። ጭቃው ግን ሲደርቅ በራሱ ተሰነጠቀና፣ ሁለቴ «ሊናድ ነው!» ብሎ ሰው አስሮጠ። ሳቁበት፣ ሆዳቸውን ይዘው! ከዚያ ወዲያ ጭድ አብዝቶ አቦካ፤ ደርቆም አልሰነጠቅ አለ።

አመዱ ገባ። ነሐሴ ላይ አርባ ሰው የዋሻውን አፍ ሲደፍን፣ ያ ጭድ የበዛበት ጭቃ የፀጉር ክር ታህል ተሰነጠቀ።

«ውጡ!» አለ ይርዳው።

«ደግሞ ጀመረው!» አሉ። በቅሎዋ ስትፈረጥጥ ሲያዩ ግን ተከተሏት። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ የመግቢያው ጣሪያ ወረደ። ጠርገው ቢያዩ፣ ውስጡ ጠጠር እንኳ አልወደቀም። ምንጩም እንደጠራ ነው።

አጥናፉ «ውሃው የኔ ነው፤ መጀመሪያ ባላችሁት ቦታ ቢሆን ሁሉም ይናድ ነበር» አለ።

ስንዱ «ጤነኛም አለት ያለ ምሰሶ ይወርዳል፣ ጋሼ» አለች።

ይርዳው «እኔን ተዉኝና የአርባዎቹን ሰዎች እናቶች ጠይቁ» አለ።

ሽማግሌዎቹ እስካሁን ይከራከራሉ፤ ጢማቸው ረዝሞ መስኖው ውስጥ ገብቷል። በል አንተ ፍረድ፣ የመጀመሪያው ውሃ ለማን ይገባል? ስልኩን ዝጋና አስብበት፤ ማታ መልሰህ ደውልልኝ። ካልደወልክ ለበቅሎዋ ነው የምፈርድላት!