ቻርጀሩ የተጠገነበት ቀን

በአንድ ወቅት፣ ከአስፋልት ዳር ባለች አንዲት የቆላ ከተማ፣ የመኪና ባትሪ ቻርጅ በማድረግ የሚተዳደሩ ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ፤ መታፈሪያ፣ ወርቅነህና ስንሻው። አንድ ቀትር ላይ አንዲት ተማሪ ከጠላፊዋ ቤት አምልጣ ግቢያቸው ገባች። ብትነክሰው ሆዷን በጩቤ ወግቷት ደሟ ይፈስሳል። ጠላፊውና ወንድሞቹም ገጀራ ይዘው ደረሱ።

ግቢው ውስጥ አንድ ፒካፕ ቆሟል፤ ባትሪው ግን ሞቷል። ቻርጀሩም ተበላሽቶ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቷል።

መታፈሪያ ፌሮ ብረት አንስቶ በሩ ላይ ቆመ። ፊት የመጣውን መንጋጋውን ሰበረው። ሁለተኛው የመታፈሪያን ግራ እጅ ከአንጓው ቆርጦ ጣለው። መታፈሪያ በሩን ዘግቶ በጀርባው ደግፎ ቀረ።

ወርቅነህ ብልሽቱን አገኘው፤ የቻርጀሩ ትራንዚስተር ተቃጥሏል። ነገር ግን ሶኬቱ ቢነቀልም ትልቁ ካፓሲተር ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል፤ ሳይፈስ የነካውን ይመታል። ወንድማማቾቹ ሁልጊዜ አምፖል አገናኝተው ነበር የሚያፈሱት። አምፖሉን ደግሞ ከውጭ የተወረወረ ድንጋይ ሰብሮታል።

ስንሻው «በምን ልታፈሰው ነው?» አለው።

«እጅ አለኝ አይደል» አለና ወርቅነህ ሁለት ጣቶቹን ካፓሲተሩ ላይ ሰደደ። ከግድግዳው ጋር ተላትሞ ወደቀ። ሥጋው ሸተተ። ተነስቶ በደህናው እጁ የተቃጠለውን ትራንዚስተር ፈታ።

ስንሻው መለዋወጫ ፍለጋ በጓሮ አጥር ዘሎ ጠላፊው ቤት ገባ። ለሙሽራዋ ተብሎ የተገዛ ቴሌቪዥን ነበር። ሰባብሮ ትራንዚስተሩን ሲያወጣ የጠላፊው አጎት አነቀው። ስንሻው ጭንቅላቱን በመዶሻ መታው፤ ሰውየው አልተነሳም።

ቻርጀሩ ሠራ። ባትሪው ሞተር እስኪያስነሳ መታፈሪያ በሩን አልለቀቀም። ልጅቷ በፒካፑ ጤና ጣቢያ ደርሳ ዳነች። የወርቅነህ ጣቶች ዳግመኛ አልታጠፉም፤ ስንሻው ነፍስ አጥፍቶ ወህኒ ወረደ።

አባቷ በሽማግሌዎች ፊት፣ ነፍሷን ላተረፈው እሰጣታለሁ አሉ። መታፈሪያ፣ በሩን ብለቅ ማን ይጠግን ነበር አለ። ወርቅነህ ጣቶቹን አሳየ። ስንሻው ከወህኒ፣ የታሰርኩት ለማን ሆነና ብሎ ላከ።

ልጅቷ «አባባ፣ እኔ ገና አሥረኛ ክፍል ነኝ» ብቻ አለች።

ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ጠባሳውንም ልብሴ ሸፍኖልኛል። ከሦስቱ ልቤ የመረጠው አንድ ነበር፤ ስሙን እዚህም ለመጻፍ አፈርኩ። ስለዚህ እናንተ ፍረዱ፦ ከሦስቱ እኔን ማግባት የሚገባው ማን ነበር? ወይስ ያ ሁሉ ደም የፈሰሰው ማንም ለማንም እንዳይሰጠኝ ነው?