ሁለት ጎን ብቻ የተለካው አጥር

አንድ ጊዜ አህይት አሥራ ሁለተኛዋን የእሾህ ሸክም ከጀርባዋ አውርዳ፣ ለውርንጭላዋ ከምታጥረው አጥር ጫፍ አስጠግታ ቀና አለች። ሦስት ቀን የሞላት ውርንጭላ እግሯ እየተብረከረከ ከጎኗ ቆማለች። ፀሐይ ገና አናት ላይ ናት፤ ሲመሻሽ ግን አያ ጅቦ በአጠገባቸው ወዳለው ምንጭ መውረዱ አይቀርም።

«እሰይ፣ አለቀልሽ!» አለች እመት ቀበሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ። «ጠዋት አልነገርኩሽም? ቁመቱ በአንቺ እርምጃ ስምንት፣ ወርዱ አራት። ለአንድ እርምጃ አንድ ሸክም። ስምንትና አራት ስንት ነው?»

«አሥራ ሁለት።»

«በይ እንግዲህ! አሥራ ሁለት ሸክም አመጣሽ። ምን ቀረሽ?»

አህይት አጥሩን ቃኘች። ከአንድ ግራር ሥር ተነስቶ፣ ቁመቱን ሄዶ፣ በወርዱ ታጥፎ፣ እዚያው ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ወለል ብሎ ይታያል።

«ወዲያ ማዶውስ?»

«ወይ አንቺ! በዚያ በኩል ማን ይመጣል? ሂሳቡን ለእኔ ተይው፤ አንቺ የምታውቂው መሸከም ነው» አለችና ጭራዋን እየነሰነሰች ወደ ጫካው ገባች።

እውነቷን ነው፤ አህይት የአጥር ሂሳብ አታውቅም። ግን ስንት ዘመን አውድማ ላይ ስታበራይ ኖራለች። አውድማ ላይ ዙር የሚያልቀው የተነሱበት ሲደርሱ ነው፤ ግማሽ ሄዶ የቆመውን ዱላ ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ ከግራሩ ተነስታ መራመድ ጀመረች። ስምንት። ታጠፈች፤ አራት። አጥሩ እዚህ ላይ አለቀ፤ እሷ ግን አላቆመችም። ስምንት። አራት። አፍንጫዋ ግራሩን ነካ።

«ሃያ አራት» አለቻት ውርንጭላዋን። «አሥራ ሁለት ይቀረናል።»

ገበሬዎች መንጥረው ወደተዉት እሾህ አሥራ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። ጀርባዋ ደማ። የመጨረሻዋን ሸክም ከውስጥ ሆና በጥርሷ ስባ ስትዘጋ፣ ፀሐይዋ ከኮረብታው ጀርባ እየገባች ነበር።

ወዲያው አያ ጅቦ ለሃጩን እያዝረበረበ በወዲያ ማዶ በኩል እየሮጠ መጣ። ክፍት ነው ብሎ ፍጥነቱን እንኳ አልቀነሰም፤ በአፍንጫው እሾሁ ላይ ተሰካ።

«ኡኡ! እመት ቀበሮ! በዚህ በኩል ክፍት ነው አላልሽኝም?»

«አሥራ ሁለት ይበቃሻል ብያት ነበር እኮ!» አለች ቀበሮ እዚያው አጠገብ ካለ ቁጥቋጦ ውስጥ። «እስቲ ዙር፣ ቀዳዳ አይጠፋም። ድርሻዬን ደግሞ እንዳትረሳ!»

አያ ጅቦ አጥሩን እያሸተተ ዞረ። በቁመቱ፣ በወርዱ፣ ደግሞ በቁመቱ፣ ደግሞ በወርዱ። የአፍንጫው ደም ከተንጠባጠበበት ቦታ ተመልሶ ሲደርስ ግራ ገባው።

«አህይት፣ ይኸ አጥር ስንት ጎን ነው ያለው?»

«አራት።»

«ቀበሮ እኮ ሁለት ነው ያለችኝ!»

አህይት ውርንጭላዋን እየላሰች፣ ቀና እንኳ ሳትል መለሰች፤ «እንግዲያው የጎደለውን ከእሷ ጠይቅ፣ አያ ጅቦ። እሷ ያለችበት ቁጥቋጦ አጥር የለውም።»

ከዚህ የምንማረው፣ የአጥር ልክ ዙሪያውን ሄደው የተነሱበት ሲመለሱ የሚገኝ እንጂ ግማሹን ለክተው የሚያቆሙት አለመሆኑን ነው።