አያ ጅቦ ያረማት ተረት

ተረት ተረት! «የላም በረት» በሉ፤ የማትሉም ዝም ብላችሁ ስሙ።

ፍየል ግልገሏን አውሬ በላባት፤ የትኛው አውሬ እንደሆነ ግን አልታወቀም። ልቅሶ ተቀመጠች። ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰ አያ ጅቦ ነበር። ሐዘንተኛ ማጫወት ወግ ነውና፣ ተረት ፈጣሪዋ ጦጣ አንዲት አዲስ አወጣች፦ ስም የለሽ አውሬ ግልገል በላና ሰኮናውን ጥሎ ሄደ።

አያ ጅቦ ልቅሶውን አቆመ። «እመት ጦጢት፣ እኔን ነው?»

«ኧረ በሞትኩት! ፈጠራ ነው እንጂ» አለች፣ አንገቷን በእጇ ሸፍና።

«ፈጠራም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የግልገል ሰኮና ለጋ ነው፤ አብሮ ይበላል እንጂ አይጣልም።»

ለቀስተኛው ሁሉ መሬት መሬት አየ። «እውነትም እንዲህ ሲሆን ያምራል» አለች በግ።

ፍየል ቀና አለች። «ጦጢትዬ፣ ግልገሉ ጮኸ?»

አያ ጅቦ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ጦጣ ቀደመችው። «አልጮኸም እናቴ። እንቅልፍ ላይ ነበር።»

አያ ጅቦ ጦጣን ትክ ብሎ አያት። «ይቺኛዋ ውሸት ናት» አለ በመጨረሻ፤ «ግን ጥሩ ውሸት ናት፤ አትነኪያት።»

ተረቴን መልሱ፤ እርማቱን ለአያ ጅቦ ተዉለት።