ጉንዳን የሰፈረበት ስልክ

ጠጋ ጠጋ በሉማ! ዕቃውም እንስሳውም አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረበት ዘመን፣ ወይዘሮ ትርንጎ በሚባሉ ሴት ቤት አንድ ገመድ አልባ ስልክ ይኖር ነበር። ስልኩ አርጅቷል፤ ቁጥሮቹ ከመነካካት ብዛት ጠፍተዋል። ቢሆንም ጎባ ያገባችው ልጃቸው ማንጠግቦሽ የምትደውለው በእሱ ነበርና ወይዘሮ ትርንጎ በጣም ይወዱታል።

አንድ ቀን ጉንዳኖች ከግድግዳው ስንጥቅ ወጡና በስልኩ ቀዳዳ ሰተት ብለው ገቡ።

"ውጡልኝ!" አለ ስልኩ። "አለዚያ መሳቢያ ውስጥ ላለው ብሎን ፈቺ፣ ለካቻቢቴው እነግረዋለሁ፤ ከፍቶ ያስወጣችኋል!"

እናት ጉንዳን ሳቀች። "ንገረው! ራዲዮው አልጋ ሥር ካርቶን ውስጥ ተበታትኖ የቀረው ማን ከፍቶት መሰለህ?"

ስልኩ ፈራ፤ ካቻቢቴውን መጥራቱን ተወው።

ጉንዳኖቹ አፈር ያስገቡ ጀመር። የስልኩ ድምፅ ሻከረ። ድመቷ መጥታ "ወንድም ስልክ፣ ምን ሆነሃል?" አለችው።

"ደህና ነኝ።"

ጉንዳኖቹ አፈር ጨመሩ። የስልኩ ድምፅ ተቆራረጠ። የግድግዳው ሰዓት "ጎረቤቴ፣ ምን ሆነሃል?" አለው።

"ደህና ነኝ አልኩ እኮ!"

ጉንዳኖቹ አሁንም አፈር ጨመሩ። ይሄኔ ማንጠግቦሽ ደወለች። የመውለጃዋ ወር ገብቶ ስለነበር ወይዘሮ ትርንጎ ሮጠው አነሱት። ጭው ከሚለው ድምፅ መሃል "እማዬ… ደም…" የምትል ቃል ሾልካ ወጣች። ከዚያ ድርግም!

"ወይኔ ልጄን! ደም ፈሰሳት!" ብለው እያለቀሱ ጓዳ ገቡና ለመንገድ ጓዛቸውን ይጠቀልሉ ጀመር።

ስልኩ ይህን ሰማ። "እኔ ለራሴ ስፈራ እሳቸውን ገደልኳቸው" አለና ካቻቢቴውን ጠራ። "ና፣ ክፈተኝ። ብበታተንም ልበታተን።"

ከአልጋ ሥር የራዲዮው ድምፅ ተሰማ። "አይዞህ! እኔን የጎዳኝ መከፈቴ አይደለም። ውሃ ገብቶብኝ 'ደህና ነኝ' እያልኩ ቆየሁና፣ ስከፈት ሁሉ ነገሬ ዝጎ ነበር።"

ካቻቢቴው ብሎኖቹን እየዞረ ፈታ። ድመቷ አንዱም እንዳይጠፋ በመዳፏ ሰበሰበቻቸው። ክዳኑ ተነሳ። ስልኩ ዓይኑን ጨፈነ።

"ምን ይታያችኋል?"

"ሽቦህ አልተበጠሰ፣ ባትሪህ አልፈሰሰ" አለ ካቻቢቴው። "ያነቀህ አፈር ነው።"

አፈሩ ላይ ነጫጭ እንቁላሎች ነበሩ። እናት ጉንዳን እንቁላሎቹን በእግሮቿ ከለለቻቸው። "ልጆቼ ናቸው፤ ጉድጓዳችንን ጎርፍ ሞላብን። ያስፈራራሁህ ለእነሱ ብዬ ነው።"

"ቀድመሽ እንዲህ ብትይኝ ምን ነበረበት?"

"አንተስ ለድመቷ ብትነግራት ምን ነበረበት?"

ድመቷ "ነገሩን ተዉትና በረንዳ ላይ ያለው የአበባ ማሰሮ ደረቅ ነው፤ እዚያ ግቡ" አለቻቸው። ጉንዳኖቹ እንቁላላቸውን ተሸክመው ወጡ። ድመቷ አፈሩን በጅራቷ ጠረገች፤ ካቻቢቴውም ክዳኑን መልሶ ገጠመ።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ! ወይዘሮ ትርንጎ ጓዛቸውን ጥለው አነሱት።

"እማዬ! ምነው ጠፋሽ? ወለድኩ እኮ ስልሽ! ሴት ናት፤ ቅድምም 'ደም ግባቷ ቁርጥ አንቺን' ስልሽ ነው የተቋረጠው!"

ወይዘሮ ትርንጎ እልልታውን አቀለጡት። ስልኩም በረጅሙ እፎይ አለ።

እንግዲህ ልጆች፣ የሚያስጨንቃችሁን ነገር ሊረዳችሁ ለሚችል ሰው ቶሎ ተናገሩ፤ ደህና ሳትሆኑም የጠየቃችሁን ሰው "ደህና ነኝ" ብላችሁ አትመልሱት። እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተ ደግሞ ጉሮሮዬን ውሃ አጠጡልኝ።