ዱቄቱ ወይስ ክልክሉ

አንድ ሰው ነበረ፤ ከቤት ሲወጣ ሆዱ ቀድሞት የሚወጣ ባለጸጋ። ያየው ሁሉ «ተመችቶሃል» ስለሚለው መታመሙን ለማመን ጊዜ ፈጀበት። ጉልበቱ ሲከዳውና ቀኝ ጎኑ ሲከብደው ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙም ጉበትህ ላይ ስብ ተጠራቅሟል አለው።

ሰውየው ከዚያ ወጥቶ ወደ አንድ የታወቁ መድኃኒት አዋቂ ሄደ። እሳቸውም የቅጠል ዱቄት ቋጥረው ሰጡት። «በየማለዳው ቁልቁል ወርደህ፣ ከምንጩ በእጅህ ቀድተህ፣ በባዶ ሆድህ ጠጣው። መድኃኒቱ ጮማና ጠጅ አይወድም» አሉት። ጮማና ጠጅ ለእሱ ነፍሱ ነበር፤ ሞትን ስለፈራ ግን ታዘዘ። ከወራት በኋላ ሆዱ ጎደለ፣ ጉበቱም ደህና ሆነ። ከዚያ ወዲህ ዱቄቱን እየሳመ ያስቀምጠው ጀመር።

እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እህት ነበረችው። እሷንም ያው ሕመም ያዛት። ደስ እያለው ዱቄቱን ወሰደላትና «ስለ ክልክሉ አትጨነቂ፤ እሱ የአዋቂዎች ወግ ነው። እኔን ያዳነኝ ዱቄቱ ነው» አላት። አመነችው። ዱቄቱን እየጠጣች እንዳሻት በላች፣ ሐኪም ቤት መመላለሱንም ተወችው። ጉበቷ ጠጠረ፣ ሆዷ ውሃ ቋጠረ። አልጋዋ አጠገብ ሲቀመጥ እጁን ይዛ፣ ሳትቆጣ፣ «ወንድምዓለም፣ ለመሆኑ አንተን ያዳነህ ምኑ ነው?» አለችው። መልስ አጣ። መልስ እንዳጣ ቀበራት።

ከሐዘን ሲነሳ አዋቂውን ያንኑ ጠየቃቸው። «አባቴ ሲሰጡ አብረው ይከለክሉ ነበር። እኔም ለይቼ አይቼው አላውቅም» አሉት። ያን ጊዜ ሰውየው ዱቄቱንና ክልክሉን ለይተው እንዲያዩት ለመናቸው፤ እሳቸውም እሺ አሉ። የሚመጣውን ሕመምተኛ ፈቃዱን እየጠየቁ፣ ለግማሹ መድኃኒቱን፣ ለግማሹ የደረቀ የጎመን ቅጠል ዱቄት መስጠት ጀመሩ። ሁሉም ምንጭ ይወርዳል፣ ሁሉም ከጮማና ከጠጅ ይታቀባል። የሚቋጥረው ሰውየው ስለሆነ፣ የትኛው ለማን እንደደረሰ አዋቂውም ሕመምተኛውም አያውቁም ነበር።

እትዬ ስንዱ ጉበታቸው ላይ ስብ ተጠራቅሞ ወደ እኔ፣ ወደ ሐኪማቸው፣ ሲመጡ፣ ለግማሹ ሕመምተኛ እውነተኛውን፣ ለግማሹ ባዶውን እንክብል በምንሰጥበት ጥናት እንዲገቡ ጠየቅኋቸው፤ እሳቸውም «ታምሜ መጥቼ ባዶ እንክብል ሊደርሰኝ ይችላል ማለት ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ይህን ተረት ነግሬ እንዲህ አልኳቸው፦ ይህ አንቲኦክሲዳንት የሚሉት እንክብል ጉበትን እንደ ዝገት ከሚበላ ነገር ይጠብቃል ይባላል። ይጠብቅ ይሆናል። እኔ አላውቅም፤ ሐኪም ሆኖ አላውቅም ማለት ደግሞ ያሳፍራል። ባዶው እንክብል የእኛ የጎመን ዱቄት ነው። እሱ ቢደርስዎም ከእጃችን አይወጡም፤ ምግብዎንም እርምጃዎንም እንደ ሌሎቹ እንከታተላለን። ካልፈለጉ ይቅርብኝ ይበሉኝ፣ አልቀየምዎትም። ነገር ግን ነገ እህትዎ ታማ «እኔስ ልዋጠው ወይ?» ብትልዎ፣ ያ ሰው ያጣው መልስ እርስዎ ዘንድ እንዲገኝ እፈልጋለሁ።